ጥሩ ጠጅና የአገር ውስጥ ወይን በጉዞ ላይ እንዴት ይገኛል?

በአገራችን ሲጓዝ ደህና ጠጅ ወይም እዚሁ የተመረተ ወይን ለመቅመስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ቦታውን ማወቁ ነው። ምርጥ ጠጅ ከሚጣልባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ታፔላ የላቸውም፤ ሰፈርተኛው ያውቃቸዋል፣ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም። የወይን እርሻዎቹ ደግሞ በአጥርና በጥበቃ የተከለሉ የሥራ ቦታዎች ስለሆኑ ዘው ብሎ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ማዘዝ አይቻልም። ለእንግዳ ተብለው የተዘጋጁት የባህል አዳራሾች በቀላሉ ይገኛሉ። ጠጃቸው ግን ብዙ ጊዜ ከእስክስታቸው ያነሰ ነው።

ከዚህ በታች የቤቶች ዝርዝር አላስቀመጥኩም። ጠጅ ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጠጅ ጣይዋ ስትለወጥ ጣዕሙም አብሮ ይለወጣል። አምና የተመሰገነ ቤት ዘንድሮ የስኳር ውሃ ሊቀዳልዎ ይችላል። በየትኛውም ከተማ ሲደርሱ የሚያገለግለው የአፈላለግ ዘዴው ነው።

1. ከመነሳትዎ በፊት፦ የወይን ፍሬ ወይስ የማር?

ሁለቱ ፍለጋዎች መንገዳቸው ለየቅል ነው። ከወይን ፍሬ የሚሠራው መጠጥ የሚመረተው በጥቂት ቦታ፣ በትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ ስልክና ቀጠሮ ይጠይቃል። ጠጅ ግን ማር ባለበት አገር ሁሉ አለ፤ እሱ የሚጠይቀው ማለዳ ተነስቶ ገበያ መውጣትን ነው። ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሁለተኛውን ቢያስብ ይሻለዋል። ወዴትም ይሁን፣ የመንገዱን ሰላም ከመነሳትዎ በፊት ከዚያው አካባቢ ሰው ይጠይቁ።

ሹፌርም ይያዙ። ቀማሹና ነጂው አንድ ሰው ከሆነ ጉዞው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል።

2. ለወይን፦ ባቱ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ የአገሪቱ የወይን መንደር ለመባል የበቃችው በቅርብ ጊዜ ነው። የቢራ ጠማቂው የቢጂአይ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ የመጠጥ ድርጅት ካስቴል ከቦርዶ ያመጣቸውን የወይን ችግኞች እዚህ አስተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቀረበ። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ የመስኖ ውሃም ቅርብ ነው። ፍሬው በፀሐዩ ስኳር ያከማቻል፣ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል። እርሻውን ለማየት የታደለ ሰው ዙሪያውን የተቆፈረውን ቦይም ያያል። ከዝዋይ ሐይቅ ከሚወጣው ጉማሬ መከላከያ ነው፤ የቦርዶ ገበሬ የማያውቀው ራስ ምታት!

አካሄዱ እንዲህ ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ በኩል ወደ ባቱ ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት ግን፣ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት አስቀድመው፣ ለድርጅቱ ይደውሉ። ሲደውሉ በደፈናው «መጎብኘት ይቻላል?» ማለት አይበቃም። እርሻውንና የመጥመቂያ ክፍሉን ሁለቱንም ማየት ይቻል እንደሆነ፣ ቅምሻ ይጨምር እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚቀበሉ፣ ክፍያውንና ጠርሙስ መግዛት መቻሉን አንድ በአንድ ይጠይቁ። ወቅቱ የለቀማ ወቅት መሆኑንም ይጠይቁ፤ ለቀማ ላይ ከሆኑ የሚታየው ነገር ይበዛል፣ የሚያስጎበኝዎ ሰው ጊዜ ግን ያጥራል። ብቻዎን ከሆኑ ከአምስት ስድስት ጓደኞች ጋር ተቀናጅተው ቢጠይቁ በጎ መልስ የማግኘት ዕድልዎ ከፍ ይላል። የሥራ ቀንም ከበዓል ዋዜማ ይሻላል።

ፈቃድ ካልተገኘ ጉዞውን አይሰርዙት። የባቱ፣ የላንጋኖና የሐዋሳ ሆቴሎች የእርሻውን ወይን ይይዛሉ። «ሪፍት ቫሊ» የሚል ስያሜ ያለው ጠርሙስ የወይን ዝርያውን ለይቶ ይጽፋል፦ ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ከነጩ ደግሞ ሻርዶኔ። «አካሺያ» የሚለው ለቀቅ ያለና ለብዙ ሰው አፍ የሚቀል ነው። እኔ የምመክረው ሦስት አራት ሆናችሁ ሁለት ዝርያ አስከፍታችሁ ጎን ለጎን እንድትቀምሱ ነው። ሜርሎውን ዛሬ፣ ሲራሁን በሳምንቱ የጠጣ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም፤ በአንድ ገበታ ላይ ግን ሲራሁ ቅመም ቅመም ሲል፣ ሜርሎው ለስለስ ሲል ጀማሪም ይለየዋል። ሻርዶኔውን ሐይቁ ዳር ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ያድርጉት።

አንድ ነገር ሳይናገሩ አይለፉ። በቆላ ሆቴሎች ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይቀርባል፤ የባቱ ክፍል ሙቀት ግን ለወይን ትኩሳት ነው። አስተናጋጁን ጠርሙሱን ለሩብ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ እንዲያቆይልዎ ይጠይቁ። ከሱቅ ሲገዙም መስኮት ላይ ፀሐይ ሲያንቃቃው የከረመውን ጠርሙስ ትተው ከጓዳ እንዲያወጡልዎ ያድርጉ።

ከአዲስ አበባ መውጣት ያልቻለ ሰው አዋሽ ወይን ጠጅ አለለት። ፋብሪካው ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። ቀዩ ጉደር፣ ነጩ አዋሽ ክሪስታልና ጣፋጩ አክሱማይት በየግሮሰሪው ይገኛሉ። ጉደርን በኮካ የሚቀላቅሉ ሰዎች ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ቢያዩ አይገረሙ፤ ለመቅመስ ለመጡት ለእርስዎ ግን ከነነፍሱ ይቀዳልዎ።

3. ለጠጅ፦ ማሩን ይከተሉ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሯም አብዛኛው የሚያልቀው ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ የጠጁ ካርታ የማሩ ካርታ ነው። የትግራይ ነጭ ማር፣ የላስታ ማር፣ የጎጃም ማር፣ የከፋና የሸካ የጫካ ማር፣ የወንጪ ተራራ ማር፣ የባሌ ማር ሁሉም ንቧ የቀሰመችው አበባ ስለሚለያይ ጠጃቸውም አንድ አይደለም። የነጭ ማር ጠጅ ገረጣ ያለና ጨዋ ነው፤ የጫካ ማር ጠጅ ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይከብዳል። በትግራይ ሜስ፣ በኦሮሚያ ዳዲ ብለው ቢጠይቁ ቶሎ ይግባባሉ።

ወቅቱን ይምረጡ። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢ ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ አልፎ ምድር በአደይ አበባ ከለበሰች በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። አዲሱ ማር ተጥሎ፣ ጠጁ በስሎ ለአፍ የሚደርሰው ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ነው እንግዲህ። ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ ጥምቀትን ጨምሮ፣ ለጠጅ ፈላጊ ወርቃማ ጊዜ ነው። ክረምት ላይ ማር ይወደዳል፤ ማር ሲወደድ ደግሞ ስኳር ወደ ጋኑ ሾልኮ ይገባል። በዐቢይ ጾም ብዙ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይጥሉም፤ በዚያ ወራት ለጠጅ ብሎ መንገድ መጀመር አይመከርም።

4. ጌሾ ሻጭና ማር ሻጭ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ሌላውን ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ።

አብዛኛው ተጓዥ የሚጠይቀው የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ወይም የባጃጅ ሹፌሩን ነው። የመጀመሪያው ለእንግዳ «የሚመጥን» ብሎ ያሰበውን፣ ሁለተኛው ሙዚቃው ከሩቅ የሚሰማውን ቤት ያሳይዎታል። ሁለቱም ክፋት የለባቸውም፤ ግን ስለ ጠጁ አይደለም የነገሩዎት።

በምትኩ የገበያ ቀኑን አጣርተው በጠዋት ገበያ ይውጡ። ላሊበላ ለምሳሌ ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ጌሾ የሚሸጡትን እናቶች ያግኙ። «እናቴ፣ ከዚህ ከተማ ለጠጅ የጌሾ እንጨት አብዝቶ የሚገዛዎት ማነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ቅጠሉ በብዛት ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ስለሚሄድ «እንጨት» ማለትዎን አይርሱ። የሚነግሩዎትን ሁለት ሦስት ስም ይያዙ። ቀጥለው ወደ ማር ተራው ይሂዱና ጥያቄውን ይድገሙት፦ በዚህ ወር ማር በእንስራ ወይም በጣሳ አስመዝና የወሰደችው ማን ናት?

አሁን ሁለቱን መልስ ያስተያዩ። በሁለቱም ዘንድ የተጠራው ስም የሚፈልጉት ቤት ነው። ጌሾ ሻጯ የምታውቃት፣ ማር ሻጩ ግን የማያውቃት ጠጅ ጣይ ጋኗን በምን እንደምትሞላ መገመት አያዳግትም። ማር ከገበያ ሳይሆን ከገበሬው በቀጥታ የምትገዛም አለች፣ ስለዚህ ፍርዱ ጨርሶ የማይሳሳት አይደለም፤ ግን ከማንኛውም የአስጎብኚ ምክር ይልቅ እኔ በዚህ እተማመናለሁ። እዚያው እያሉ ጥቂት ማር ይግዙ፣ ጨዋታውም ይቀጥላል፤ «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ነውና ነገሩ። ሰፈፉ ያልወጣለትን የጠጅ ማር ቀምሰው ከሄዱ ደግሞ ብርሌው ውስጥ የሚፈልጉትን መዓዛ አስቀድመው አወቁት ማለት ነው።

ገበያ የማይደርስልዎ ከሆነ ሥጋ ቤት ይጠይቁ። ቁርጥና ጠጅ ስለማይለያዩ ባለ ሥጋ ቤቱ ደንበኞቹ ከሱ ተነስተው ወዴት እንደሚያመሩ ያውቃል።

በላሊበላ ለዓመታት ለተጓዥ ሲጠቆም የኖረው «ቶርፒዶ» የሚባለው ጠጅ ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ስመ ጥር ቤት አይናቁት፤ መነሻ ያድርጉት። እዚያ የሚዘፍነውን አዝማሪ ሸልመው፣ ማሲንቆውን ሲያስቀምጥ ጠጋ ብለው፣ ራሱ የት እንደሚጠጣ ይጠይቁት። አዝማሪ በየቤቱ ስለሚዞር የከተማውን ጋን ሁሉ ያውቃል።

5. ደጁ ላይ

በገጠር ከተሞች እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ቆርቆሮ ያለበት በር ካዩ ብዙውን ጊዜ ጠላ ቤት ነው፤ ጠጅ ፍለጋ ከሆነ ይለፉት።

ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ያለው ጥሩ ነው። ጣይዋ ለመጫወት ጊዜ አላት፣ ቤቱም ገና አልሞቀም። በማታ ሲሄዱ ጥሩው ጠጅ አልቆ የጋኑ ዝቃጭ ሊደርስዎ ይችላል። በነገራችን ላይ ወደ ማታ «አለቀ» የሚል ቤት ለነገ ቀጠሮ የሚያዝለት ነው፤ መቼም የማያልቅበት ቤት ግን ያጠራጥረኛል። ማር የገባበት ጠጅ በአንድ ጀንበር አይደርስም። ሞቃት አገር ሳምንት ገደማ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ደጋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

ብዙ ጠጅ ቤቶች የወንድ ጉባኤ ናቸው። ለብቻዋ የምትጓዝ ሴት በቀን፣ ቢቻል ከአካባቢው ሰው ጋር ብትሄድ የተሻለ ትዝናናለች። አንዳንዴ ጣይዋ ራሷ ወደ ጓዳ ትጠራታለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወንዶቹ የማያዩትን ጋንና ጥንስስ አይታ ትወጣለች።

6. ሦስት ጥያቄ ለጣይዋ

ከመቀዳቱ በፊት ይጠይቁ፣ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ። «እትዬ» ወይም «እናቴ» ይበሉ፣ ስለ ቤታቸው ያመስግኑ፣ ከዚያ፦

ማሩ የየት ነው? ጥሩ ጣይ የቀበሌውን ስም ትጠራለች፤ አንዳንዷ የአናቢውንም። «ማር ነው እንጂ፣ ምን ይሆናል» የሚል መልስ ካገኙ ግማሽ ብርሌ ይበቃዎታል።

ስንት ቀኑ ነው? ቀኑ ያነሰው ይጣፍጣል፣ ገናም ይፈላል፤ የቆየው ይደርቃል፣ ይበረታል። የቀን ቁጥሩን ሳታስብ የምትመልስ ጣይ ጋኖቿን በተራ ነው የያዘችው ማለት ነው።

አንድ ለስንት ነው? አንድ መስፈሪያ ማር ለሦስት እስከ አምስት መስፈሪያ ውሃ የተለመደ ነው። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ በዋጋው ይታወቅ። ዋጋውንም አብረው ይጠይቁ፤ ከጠጡ በኋላ መከራከር ለማንም ክብር አይጨምርም።

አልኮል የማይጠጣ ሰው አብሮ ከሄደ ብርዝ ይዘዝለት። የዛሬ ብርዝ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ያደረ ብርዝ መፍላት ጀምሯል።

7. አቀማመሱ

ሙሉ ብርሌ አይዘዙ። ግማሽ፣ ወይም «ለቅምሻ» ይበሉ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቤት ማየት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። የጠጅ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከቢራ ያልፋል፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ይጠጋል፤ ጣፋጭነቱ ይህን ስለሚሸፍነው ሰው ለመነሳት ሲሞክር ነው የሚያውቀው። ከምግብ በኋላ ይቅመሱ፣ ውሃም አጠገብዎ ይኑር። በነባሩ ወግ አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ይህን የሚያደርግ ቤት ካገኙ በእጅ የያዙትን ስልክ ትተው ይመልከቱ።

የብርሌውን አፍ ይዩ። ከተሸረፈ ወይም ከተሰነጠቀ እንዲለወጥ ይጠይቁ፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ለከንፈርም ይሠራል። ከዚያ ወደ ብርሃን ያንሱት። ጠጅ ደፍረስ ቢል ጥፋት አይደለም። የሚያሳስበው ቀለሙ ነው። ማር ራሱ ከነጭ እስከ ቡናማ ስለሚለያይ የጠጅ ቢጫም ብዙ ዓይነት ነው፤ እንደ ቀለም ዱቄት የሚያብረቀርቅ ቢጫ ካዩ ግን ማቅለሚያ ሊኖርበት ይችላል።

ቀጥሎ ማሽተት ነው፤ የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ መዓዛውን ይሰበስባል። የማሩን አበባ፣ የጌሾውን እንጨት እንጨት የሚል ሽታ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ ከሆነም ስስ ጭስ ያገኛሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ተበላሽቷል፤ በትሕትና ይመልሱት።

አሁን ትንሽ ተጎንጭተው አፍ ውስጥ ያቆዩት። እውነተኛ ጠጅ በየተራ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ወዲያው ቀለል ያለ ኮምጣጣነት፣ ከዋጡ በኋላ ደግሞ ምላስ ሥር የሚቀር የጌሾ ምሬት። ያ ምሬት ሲለቅ የማሩ መዓዛ እንደገና በአፍንጫ በኩል ይመለሳል፤ የተሳካ ጠጅ የሚታወቀው በዚህ በመጨረሻው ነው። የስኳር ጠጅ ፊት ለፊት ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ከዚያ ምንም የለም።

ቤቱ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ካለው፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከለስላሳው አይጀምሩ። ጣፋጭ የለመደ ምላስ ደረቁን መራራ አድርጎ ይፈርድበታል። ከመካከለኛው ይነሱ፣ ደረቁን ያስከትሉ፣ ለስላሳው በመጨረሻ ይምጣ። እኔ በበኩሌ አንድን ቤት የምመዝነው በደረቁ ነው፤ እዚያ ላይ ስኳር የሚደበቅበት ቦታ የለም።

8. ይዘው ሲመለሱ

ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተሞላ በኋላም መፍላቱን ይቀጥላል። እስከ አፉ አያስሞሉት፤ አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉለት፣ ክዳኑንም በየጥቂት ሰዓቱ ላላ አድርገው ያስተንፍሱት። ሙቀት ውስጥ የተዘጋ መኪና ላይ ትተውት ከሄዱ የመኪናው ወንበር ነው የሚጠጣው። ቤት ሲደርሱ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱት።

በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ጠጅ አይመከርም። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይፈቀድም፤ በጭነት ሻንጣ ደግሞ ያልታሸገ የቤት ጠጅ ልብስዎን ያጥባል። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚመለሱ ከሆነ በቡሽ የታሸገውን የባቱ ወይን ወይም ፋብሪካ ያሸገውን ጠጅ በወፍራም ልብስ ጠቅልለው ሻንጣው መሀል ያድርጉት፤ የሚገቡበትን አገር የቀረጥ ገደብም አስቀድመው ይዩ። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት አልኮል ይዞ መግባት ያስቀጣል፣ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠጁን እዚሁ ጠጥቶ፣ ለጓደኞቹ ከገበያው የገዛውን ማር ብቻ በደንብ አሽጎ ይውሰድ።